የጎማ ስፔሰርና አዳፕተር ግምገማ፦ ራሳችን በሠራነው መኪና ላይ የትኛው ይታሰር?

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ዕቃ ተቀምጧል። አንዱ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ በሞዞና (ጎማው የሚታሰርበት፣ አብሮት የሚዞር ክፍል) በቸርኬ መሃል እንዲሁ የሚሰካ ስስ ስፔሰር ነው። ሁለተኛው 25 ሚሊ የሆነ የአሉሚኒየም አዳፕተር ሲሆን በሞዞው ብሎኖች ታስሮ ቸርኬውን በራሱ ብሎኖች ይይዛል፤ የብሎኖቹን ክብ ከ4 በ100 (አራት ብሎን፣ የክቡ ወርድ 100 ሚሊ) ወደ 4 በ108 ይቀይራል። ሦስተኛውም ውፍረቱም ሥራውም ያው ነው፤ የሚለየው ከሌላ አምራች መምጣቱና ሳጥኑ ውስጥ የልኩና የብረቱ ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት መኖሩ ነው። የሻጮቹን ስም አልጠራም። ያው ዕቃ ነገ በሌላ ሳጥን፣ በሌላ ስም ስለሚመጣ ስሙን ማወቅ ብዙም አይጠቅማችሁም፤ ዕቃውን አገላብጦ ማየት መቻል ይሻላል።

ሥራዬ ቶርኖ ነው። መኪና አልሠራም፤ መኪና የሚሠሩ ሰዎች ግን በሬን አያጡትም። እነዚህ ዕቃዎች የመጡት ከብረት ቱቦ ሻንሲ በይዶ ባለ ሁለት ወንበር ቀላል መኪና በሚሠራ አንድ ወጣት ምክንያት ነው። ሞዞውንና መሪውን የወሰደው ከመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው፦ አራት ብሎን፣ ክቡ 100 ሚሊ፣ የመሃሉ ልክ 54.1። ልቡ የወደደው ቸርኬ ደግሞ የድሮ ፎርድ ነው፦ አራት ብሎን፣ ክቡ 108፣ መሃሉ 63.4። በዚያ ላይ የኋላው ጎማ በውስጥ በኩል የሰስፔንሽኑን ክንድ ይነካበታል። 25 ሚሊ አዳፕተር ሁለቱንም ጣጣ ባንዴ የሚገላግለው ሆኖ ታየው። የፎርዶቹ ቸርኬዎች ታድሰው እስኪመለሱ መኪናዋ ትንከባለል የነበረው በማዝዳው ቸርኬ ነበር፤ ፊት ላይ ግን ከሌላ መኪና ያመጣው ትልቅ የፍሬን ካሊፐር ቸርኬውን ጫር ጫር ስላደረገው ስሱን ስፔሰር ገዛ።

የስፔሰር ነገር ሲነሳ ሰው ወዲያው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «መቃብር መቆፈር ነው» ይላል፤ ሌላው «የውድድር መኪኖች ሁሉ ያስሩታል» ብሎ ይመልሳል። አገሮችም እንደ ሰው ናቸው። ጀርመን ውስጥ የቲዩቪ (የቴክኒክ መርማሪ ድርጅት) ማረጋገጫ ያለው ስፔሰር ገጥሞ፣ አስመርምሮ፣ በመኪናው ሰነድ ላይ ማስመዝገብ የተለመደ ነገር ነው። የጀርመኑ ፖርሽ ራሱ ለ911 ስፔሰር ያቀርባል። የአውስትራሊያ የተሽከርካሪ ማሻሻያ ደንብ ግን አምራቹ ራሱ የገጠመው ካልሆነ በቀር ስፔሰርንም አዳፕተርንም አይፈቅድም። ለእኔ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ጀርመኖቹ የፈቀዱት የተለካውን ነው፤ አውስትራሊያዎቹም ማን እንደለካው ያልታወቀው መንገድ ላይ እንዳይወጣባቸው በሩን ዘግተዋል። ቤት ውስጥ በተሠራ መኪና ላይ ለኪው ባለቤቱ ነው። ፋብሪካ የለም፣ የሙከራ ክፍል የለም። ስለዚህ ዕቃዎቹን የመዘንኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ጨምቆ የሚይዘውን ኃይል ይጠብቃል ወይስ ያላላል?

ቸርኬው ብሎኖቹ ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ብሎን ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር ይጨምቀዋል፤ መኪናውን የሚሸከመውም፣ ፍሬን ሲያዝ የሚያስቆመውም በሁለቱ ፊቶች መሃል ያለው ሰበቃ ነው። ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ የሆነ ብሎን በደረቁ በ100 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ በግምት የ4 ቶን ያህል ይጨምቃል። አራቱ ሲደመሩ 16 ቶን አካባቢ ይሆናሉ። ሰበቃውን ዝቅ አድርገን ብናስበው እንኳ አንዱን ጎማ ከተቀመጠበት ለማንሸራተት ከ2 ቶን በላይ ግፊት ያስፈልጋል። 700 ኪሎ ለማይሞላ መኪና ይህ የተትረፈረፈ ነው።

አሁን ያ ሁሉ ኃይል የቆመበትን ነገር እዩ። ከሚጨመቀው ክፍል ውስጥ 30 ሚሊ ርዝመት ያለው 12 ሚሊ ብሎን በዚያ ኃይል የሚለጠጠው 0.07 ሚሊ አካባቢ ብቻ ነው። በዱቄት ቀለም የተቀባ ዕቃ ላይ የቀለሙ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.06 እስከ 0.1 ሚሊ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቀለሙ በፍሬን ሙቀትና በጭነት ሲደቅ ወይም ሲረግፍ ብሎኑ የተለጠጠበት ርቀት በሙሉ ሊበላ ይችላል፤ ዳዶው ግን ሩብ ዙር እንኳ አልዞረም። «አጥብቄው ነበር፣ ራሱ ተፈታ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ጭመቃው ሲላላ ቸርኬው በዓይን በማይታይ መጠን ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ለመለጠጥ የተሠራው ብሎን መታጠፍ ይጀምራል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ ይታጠፋል። በዚህ መንገድ የተቆረጠ ብሎን እጃችሁ ከገባ የተቆረጠበትን ፊት አጉልታችሁ እዩት። ከጥርሱ ሥር ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ ልስልስ፣ ቅስት ቅስት መስመር ያለበት ሰፊ ቦታ አለ፤ ከዳር ደግሞ በመጨረሻ ባንዴ የተገነጠለ ሻካራ ጥግ። ልስልሱ ሲሰፋ ብሎኑ ስንት ጊዜ እየተሰነጠቀ ባለቤቱን ይዞ እንደዞረ ይናገራል።

ስሱን በቶሎ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም ፍርዴ አጭር ነው። ልጁ ሲሰጠኝ «ጋሼ፣ ይቺ 5 ሚሊ ምን ታመጣለች?» አለኝ። የምታመጣውን በእጅ መቁጠር ይቻላል። ያለ ስፔሰር ቸርኬውን አስቀምጠን ዳዶውን በጣት ስናዞረው 8 ዙር ሄዶ ተቀመጠ። ጥርሱ 1.5 ስለሆነ 12 ሚሊ ነክሷል ማለት ነው፤ የብሎኑን ውፍረት ያህል። እኔ ከዚህ በታች አልወርድም። ስፔሰሩ ሲገባ አምስት ዙር እንኳ ሳይሞላ ቆመ። የቶርክ መፍቻው (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው) ግን ይህን አይናገርም፤ አምስት ዙርም ይሁን ስምንት 100 ላይ ሲደርስ ጠቅ ይላል። ከሦስቱ ዕቃዎች ሁሉ ምንም የማያደርግ የሚመስለውን ይህንን የምፈራው ለዚህ ነው፤ 25 ሚሊ የሚያስር ሰው ቢያንስ ፈርቶ ይለካል።

ሌላም ነገር አለበት። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የብሎን ቀዳዳዎቹ ክብ ሳይሆኑ ረጃጅም ስንጥቆች ናቸው፤ የመሃል ቀዳዳውም የማንኛውም ሞዞ አንገት እንዲያልፍበት ተብሎ ሰፍቷል። ስለዚህ መሃሉን አይጠብቅም፤ በስንጥቆቹ ዙሪያም ቸርኬው የሚደገፍበት ፊት ይጎድላል፣ ያውም ዳዶው በሚጫንበት ቦታ። ለሁሉም ይሆናል የተባለ ስፔሰር ለማንም አይሆንም። 5 ሚሊ ለማግኘት ሁነኛው መንገድ መሃሉ በሞዞው ልክ የተቆረጠ፣ ቀዳዳዎቹ ክብ የሆኑ ስፔሰር መግዛትና የሞዞውን ብሎኖች አውጥቶ በረጃጅሞች መተካት ነው። ብሎን ስታስረዝሙ ዳዶውንም እዩት። ጫፉ የተደፈነ ዳዶ ከሆነ የብሎኑ ጫፍ ከውስጥ ክዳኑ ላይ ደርሶ ሊቆም ይችላል፤ መፍቻው ጠቅ ይላል፣ ቸርኬው ግን አልተጨመቀም። በብሎን ፋንታ ቀዳዳ ብቻ ያለው ሞዞ፣ ለምሳሌ የፎልክስዋገን ወይም የቢኤምደብልዩ ከሆነ፣ 5 ሚሊ ለተጨመረው 5 ሚሊ የሚረዝም ብሎን ይገዛል፤ ከዚያ ካለፈ ጫፉ ከሞዞው ጀርባ ወጥቶ የኋላውን የእጅ ፍሬን ዕቃ ሊመታ ይችላል። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ በእጅ አዙሩት፤ ከመታ ይሰማል።

በነገራችን ላይ ከ8 እስከ 15 ሚሊ ያለውን ውፍረት አልወደውም። የሞዞው አንገት ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው ከፊቱ ጥቂት ሚሊ ወጣ ብሎ ስለቆመ ነው። 5 ሚሊ ስፔሰር ሲገባ ገና የሚተርፍ አንገት ይኖራል። 10 ሚሊ ሲሆን አንገቱ በብዙ መኪና ላይ ተውጦ ያልቃል። የራሱን አንገት ይዞ የተሠራ ካልሆነ ቸርኬው መሃሉን የሚያገኘው በዳዶዎቹ ሾጣጣ ብቻ ነው። በራሱ ብሎን እንዳይታሰር ደግሞ ቀጭን ነው። መሃል ሰፋሪ ልክ ነው፣ ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ወደ አዳፕተሮቹ እንምጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩአቸው ሁለተኛው ያምራል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ በፊደል የተዋበ። ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ ፎቶ አያምርበትም። ፊታቸውን በጥፍሬ ስጭረው የሁለተኛው ጥቁር ቀለም ከጥፍሬ ሥር ገባ፤ ሞዞው ላይ የሚቀመጠው ፊት ሳይቀር ተቀብቷል። 0.07ቱን አስታውሱ። ሦስተኛው አኖዳይዝ የተደረገ ነው፤ ይህ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተዋሃደ እጅግ ስስና ጠንካራ ሽፋን ስለሆነ አይላጥም፣ አይደቅም።

ማይክሮሜትር አነሳሁ። ሁለተኛውን ከአራት ቦታ ስለካው ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የ0.13 ሚሊ ልዩነት አገኘሁ። ሦስተኛው ከ0.02 አላለፈም። 0.13 ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ ግን 14 ሳንቲ ሜትር በሚሆነው አዳፕተር ላይ የታየው ጥመት 15 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወደ 0.35 ይሄዳል። መኪናውን የሚገለብጥ አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ ካልሆኑ አራቱ ብሎኖች እኩል አይሸከሙም፣ አንዱ ከድርሻው በላይ ይሳባል።

የመሃሉ ልክም ተለያየ። የሞዞው አንገት 54 ሚሊ ገደማ ነው፤ ሁለተኛው አዳፕተር 54.6 ሆኖ ስለተቆረጠ ስታስቀምጡት ይንቀጫቀጫል። ሦስተኛው በእጅ ግፊት ትንሽ አስቸግሮ ገባ፣ እንዲያ ነው የሚገባው። በውጭ በኩል ደግሞ ሦስተኛው ለፎርዱ ቸርኬ መሃል የተቆረጠ አንገት አለው፤ ሁለተኛው ለጥ ያለ ነው። አንገት የሌለው አዳፕተር ሁሉ አደገኛ ነው አልልም፤ ሾጣጣ ዳዶ በጥንቃቄ፣ በመስቀል፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ከጠበቀ መሃሉን ያገኛል። ቤት ውስጥ ግን ሰው መሬት ላይ እንዳለ አንዱን ዳዶ ባንዴ አጥብቆ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንገቱ ይህን ሰው ይታደጋል።

ዳዶዎቹን ቀለም ቀባኋቸው። የሚገጣጠሙ ዕቃዎች የት የት እንደሚነካኩ ለማየት የምንቀባው ሰማያዊ ቀለም አለ፤ እሱ ባይኖር የጽሕፈት ማርከርም ይሠራል። በ60 ዲግሪ ሾጣጣ የተሠራውን ዳዶ ቀብቼ በቀስታ አጥብቄ ፈታሁት። በሦስተኛው አዳፕተር ላይ ቀለሙ የሾጣጣውን ወርድ ሞልቶ ታተመ። በሁለተኛው ላይ የወጣው ቀለበት ክር ያህል ነበር፤ የጉድጓዱ ሾጣጣና የዳዶው ሾጣጣ አንግላቸው አይገጥምም። 4 ቶን በክር ላይ ሲያርፍ አሉሚኒየሙ ይደቅቃል፤ ሲደቅቅ ጭመቃው ይላላል። ይህ ምርመራ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ለቸርኬው ዳዶም ያስፈልጋል። ሆንዳ ክብ መቀመጫ ዳዶ ያለው፣ ቶዮታ በብዙ የአሉሚኒየም ቸርኬው ላይ ጠፍጣፋ ራንዴላ ያለው፣ ሌላው ሾጣጣ ነው፤ ሁሉም በ12 ሚሊ ብሎን ላይ ያለ ምንም ችግር ይዞራሉ። መዞሩ መገጣጠሙን አያሳይም።

ብሎኖቹን ከጀርባ ገልብጣችሁ ጭንቅላታቸውን እዩ። ሦስተኛው 10.9 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ትርጉሙ ከ1000 ሜጋ ፓስካል በታች የማይበጠስ፣ ከ900 በታች ደግሞ ተለጥጦ የማይቀር ብረት ማለት ነው። የሁለተኛው ብሎኖች ጭንቅላት ራቁቱን ነው። ጥሩ ብረት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ቁጥር የሌለው ብሎን ከጎማ ጋር አላስርም። የአዳፕተሩ ገላስ? የሦስተኛው ወረቀት 6061-ቲ6 የተባለ የአሉሚኒየም ዓይነት ነው ይላል። 7075-ቲ6 ከዚህ በብዙ ይጠነክራል፤ ለቀላል መኪና ግን በደንብ የተቆረጠ 6061 ይበቃል። በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ከሆነ አልፈልግም።

አሁን ገዢዎች ብዙም የማያነሱት ነገር። በዚህ መኪና ላይ የሞዞው ብሎኖች በ25 ሚሊ አዳፕተር ውስጥ አልፈው ከውጭው ፊት 2 ሚሊ ያህል ብቅ ይላሉ። ብዙ ቸርኬዎች ጀርባቸው ላይ፣ በብሎን ቀዳዳዎቹ መሃል፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ አላቸው፤ ጫፎቹ እዚያ ይገባሉ። እነዚህ የፎርድ ቸርኬዎች ግን በዚያ ቦታ ሙሉ ናቸው። ስለዚህ ቸርኬው የሚቀመጠው በአራት የብሎን ጫፍ ላይ እንጂ በአዳፕተሩ ፊት ላይ አይደለም። ዳዶው ይጠብቃል፣ መፍቻው ጠቅ ይላል፣ ከውጭ ለሚያየው ሁሉም ሰላም ነው። የብሎኖቹን ጫፍ ቀለም ቀብተን ቸርኬውን አስቀምጠን ስናነሳው ጀርባው ላይ አራት ጥርት ያሉ ነጥቦች ታተሙ። ልጁ ነጥቦቹን ሲያይ ዝም አለ። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ አዳፕተሩ ታስሮ ዳዶው ሙሉ ጥርሱን ከነከሰ በኋላ የተረፈውን ጫፍ ከፊቱ በታች እስኪሆን መቁረጥ ነው። ግን መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል፣ ለማየትም መቀባት።

ከዚያ የውስጥ ዳዶዎቹ አሉ። በራሱ ብሎን የሚታሰር አዳፕተር አንዱን መጋጠሚያ ሁለት ያደርገዋል፦ ቸርኬ ከአዳፕተር፣ አዳፕተር ከሞዞ። የውስጠኞቹ ዳዶዎች በጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀመጡ ከሥራቸው የሚቀረው አሉሚኒየም ከ10 እስከ 12 ሚሊ ቢሆን ነው። ብሎኑ ሲያጥር መለጠጡም ያጥራል፤ ከ0.07 ወደ 0.03 አካባቢ ይወርዳል። የተደበቁት፣ ቸርኬው ካልወለቀ የማይታዩት ዳዶዎች፣ ትንሽ ነገር የሚያላላቸው እነሱው ናቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ከፍሬን ዲስክ ጋር ተጣብቆ ለሚውል ዕቃ ይህም ተጨማሪ ነው። ለዚህ ነው «አስሬ ረሳሁት» የሚለው ሰው የሚያሳስበኝ። ሌላ የተረገመ ነገር፦ የሁለተኛው አዳፕተር ጉድጓድ ጠባብ ስለሆነ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቡሽ መፍቻ አይገባም። ሰው ምን ያደርጋል? በሚገባው ነገር፣ በግምት ያጠብቃል።

ክቡን ስለመቀየር አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በዚህ በኩል የሒሳቡን መልስ የሚያይ የለም። ከ4 ወደ 4 ሲቀየር አዲሶቹ ብሎኖች ከድሮዎቹ ቀዳዳዎች 45 ዲግሪ ይዞራሉ፤ 100ን ወደ 108 ሲያመጡ በማዕከሎቻቸው መሃል 40 ሚሊ ይኖራል። ሰፊ ነው። ከ5 በ100 ወደ 5 በ114.3 ሲሄዱም 36 ዲግሪ ዞሮ ወደ 34 ሚሊ ይተርፋል። ከ4 ወደ 5 ግን በተሻለው አቅጣጫ ብታዞሩት እንኳ ከአምስቱ ብሎኖች ሁለቱ ከድሮ ቀዳዳ 9 ዲግሪ ብቻ ይርቃሉ። ከ4 በ100 ወደ 5 በ114.3 ቢሆን ማዕከል ለማዕከል 11 ሚሊ ነው፤ ብሎኑ ራሱ 12 ሚሊ ወፍራም! አንዱ የተቀመጠበት ሥጋ የሌላው ዳዶ ጉድጓድ ይሆናል። ሻጮቹ ይሠሩታል፣ ሰዎችም ያስሩታል። እኔ ቶርኖ ላይ አስቀምጬ አልቆርጠውም፤ ያን ያህል የፈለገ ሰው ባለ አምስት ብሎን ሞዞ ያለውን መኪና ሙሉ ዕቃ ያውርድ።

ስለ ኩሽኔታ ብዙ ይወራል። ቀላል መኪና ላይ ወሬው ከነገሩ ይበልጣል። ኢቲ (የቸርኬው መታሰሪያ ፊት ከወርዱ መሃል ወደ ውጭ የሚርቅበት ሚሊ) 45 የሆነ ቸርኬ በ25 ሚሊ ስፔሰር ሲታሰርና ኢቲ 20 የሆነ ቸርኬ ያለ ስፔሰር ሲታሰር ለኩሽኔታው አንድ ነው፤ ጎማው የቆመበት ቦታ ያው ነውና። ሁለተኛውን «ሰፊ ቸርኬ» ብሎ የሚያደንቅ ሰው የመጀመሪያውን «ኩሽኔታ ይበላል» ሲል እሰማለሁ። ለመሪው ግን ሁለቱም እኩል ያስቸግራሉ። ጎማው ከመሪው የመዞሪያ መስመር ሲርቅ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ወይም ፍሬን ሲያዝ አንዱ ወገን ብቻ እርጥብ ላይ ሲሆን መሪው ከእጅ ይነጠቃል። ስለዚህ ፊት ላይ ስፔሰር ከመጨመር የሰስፔንሽኑን ንድፍ ማስተካከል ይሻላል እላለሁ፤ ሻንሲውን የበየደ ሰው ይህን ማድረግ አያቅተውም። የጎማው ጠርዝ ከፓራፋንጎ ውጭ እንዳይወጣም ልብ ይበሉ፤ 25 ሚሊ በአንድ ወገን በድምሩ 50 ነው።

አስተሳሰሩ ላይ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ፣ በተለይ በብሎኖቹ ሥር የሚከማቸውን የዝገት ቀለበት። ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ግሪስ ከነካው በዚያው ቶርክ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ግሪስ ከፈለጋችሁ በአንገቱ ዙሪያ ብቻ፣ ለስሙ ያህል፤ አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ካገኙ ተጣብቀው ይቀራሉ። የአየር ሽጉጥ ለመፍታት ይሁን፣ ለማጥበቅ አይሁን። በመስቀል፣ በሁለት ሦስት ደረጃ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቸርኬው ወልቆ የውስጦቹም ዳዶዎች በቶርክ መፍቻ ይታዩ፤ የውጮቹን ብቻ መፈተሽ ግማሽ ሥራ ነው።

ፍርዴ እንግዲህ። 5 ሚሊውን በዚህ መኪና ላይ አልፈቅድም፤ ልጁ የካሊፐሩን ማሰሪያ ወደ ውስጥ ሊያስገባው ተስማማን፣ ማሰሪያውን እኔ እቆርጥለታለሁ። ሁለተኛውን አዳፕተር ቀለሙን ልጬ፣ ፊቱን አስተካክዬ፣ ብሎኑን ቀይሬ ላድነው እችል ነበር፤ የመሃሉን ቀዳዳ ግን መልሶ የሚያጠብ ቶርኖ የለም። ይመለስ ብዬዋለሁ። ሦስተኛው አንድ እንከን አለው፣ አብሮት የመጣው የውስጥ ዳዶ ቁመቱ አጭር ነው፤ ረዘም ባለው ተክተነዋል። የቀረውን አምኜበታለሁ፣ ኋላ ላይ ታስሯል። ከመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቸርኬዎቹን ስናወልቅ ከውስጦቹ ዳዶዎች አንዱ መፍቻው ጠቅ ከማለቱ በፊት ጥቂት ሄደ፤ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። በየዳዶው ላይ ከአዳፕተሩ ጋር የሚያያዝ ቢጫ መስመር አስምረንባቸዋል፣ ለቀጣዩ ምርመራ።